ጣሪያው የማን ነው?

“መብራት አጥፋ!” የማይባልበት ቤት ያለ አይመስለኝም። እኛ ቤት ቀኑን ሙሉ ይባላል። እስቲ ነገሩን በቁጥር እንየው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል አሥር ቢኖርዎትና ሁሉም በየቀኑ አምስት አምስት ሰዓት ቢበሩ፣ በወር የሚፈጁት 13 ኪሎዋት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ባለ 3,500 ዋት ምጣድ ላይ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በአንዴ ለአንድ ሰዓት ተኩል እንጀራ ቢጋገር ደግሞ በወር ወደ 45 ይጠጋል። የመታጠቢያ ቤቱ ቦይለርስ? 80 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ በደንብ ለማሞቅ 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበላል። ቤተሰቡ በየቀኑ ይህን ያህል ከታጠበበት በወር 120 ደረሰ። ቁጣችን ከሳሎን ወደ መታጠቢያ ቤት ቢዛወር ይሻላል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው የኤሌክትሪክ ታሪፍ በአራት ዓመት ውስጥ፣ በየሦስት ወሩ ትንሽ ትንሽ እያለ የሚጨምር ነው። አከፋፈሉም በእርከን ነው። ቦይለሩ ብቻውን ቤቱን ወደሚቀጥለው እርከን ሊገፋው ይችላል።

“መብራታችን እኮ ድሮውንም ከውሃ ነው፤ ሕዳሴውም ተመርቋል፤ ምን ቸገረን?” የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ኃይላችን ከሞላ ጎደል ሁሉም ከታዳሽ ምንጭ ነው። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብም 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ግድቡ ጋ ያለው ኃይል ጓዳችን የሚደርሰው ግን በሰፈራችን ትራንስፎርመር በኩል ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ሕንፃው ሁሉ ቦይለሩን ሲያበራ ሸክሙ የሚያርፈው እሷ ላይ ነው።

በ2001 ዓ.ም. የግድቦች ውሃ ጎድሎ መብራት በፈረቃ የነበረበትን ጊዜ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። በዚያን ሰሞን ቢጫውን አምፖል እየተቀበሉ ኃይል ቆጣቢውን በነጻ ይለውጡልን ነበር። ጥሩ ዘመቻ ነበር። አምፖል ግን እያንዳንዱ ቤት በራሱ የሚቀይረው ነገር ነው፤ ጣሪያ እንደዚያ አይደለም።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ የበጋዋ ፀሐይ እንዴት እንደምታቃጥል ልብስ ለማስጣት ሰገነት የወጣ ሁሉ ያውቃል። በፀሐይ የሚሠራ የውሃ ማሞቂያ ደግሞ የተራቀቀ ነገር አይደለም፤ መስታወት የለበሰ ሰብሳቢና ሙቀት የሚይዝ ጋን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲዳምን ውስጡ ያለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ያግዘዋል። ችግሩ አራተኛ ፎቅ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምንኖረው ሰዎች ጋ ነው። ጣሪያው የጋራ ነው፣ ሮቶው የጋራ ነው፣ ሙቅ ውሃ ከላይ የሚያወርድ ቧንቧ አልተዘረጋም። ሕንፃው ካለቀ በኋላ የጎረቤትን ግድግዳ ልሰርስር ማለት ደግሞ ከኮሚቴው ጋር የዓመት ጭቅጭቅ ነው። ፕላኑ ሲነደፍ ግን የአንድ ቧንቧ መስመር ጉዳይ ብቻ ነበር።

ለዚህ ነው ነገሩን ሌሎች በግንባታ ደንብ የያዙት። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ አዲስ መኖሪያ ቤት የፀሐይ ማሞቂያ እንዲገጠምለት ግድ ሆኗል፤ እዚያ ዘመድ ያለዎት ስለ “ዱድ ሼሜሽ” ይጠይቁት። የባርሴሎና ከተማም እ.ኤ.አ. በ2000 የራሷን ደንብ ሥራ ላይ አውላ፣ በአዳዲስና በሚታደሱ ሕንፃዎች ከሙቅ ውሃው አብዛኛው በፀሐይ እንዲሞቅ አድርጋለች። በእርግጥ ባለ ሃያ ፎቅ ሕንፃ ጣሪያው ለሁሉም ቤት አይበቃም። ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቁ ግን ይሞከራል።

እኔ በሙያዬ ማርኬቲንግ ላይ ነኝ፤ የአፓርትመንት ብሮሹር ምን ሲጻፍበት እንደሚሸጥ አውቃለሁ። ጂም፣ ሊፍት፣ ተጠባባቂ ጄኔሬተር፣ ከላይ እስከ ታች መስታወት። መስታወቱስ የማያስፈልገንን ኤሲ ያስገዛናል፤ ነፋሻ አየር ባላት ከተማ ፀሐዩን አስገብቶ መስኮቱን ዘግቶ መጋገር ምን ይባላል! ሻጭ የሚጽፈው ገዢ የሚጠይቀውን ነው። በቅድመ ክፍያ ቤት ልትገዙ ከሆነ፣ ሽያጭ ቢሮ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ከጣሪያ ወደ ቤቴ የሙቅ ውሃ ቧንቧ ፕላኑ ላይ አለ? ጣሪያው ላይ ማሞቂያ መትከል የሚፈቅድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ ይገባል? መስኮቶቹ ስንቶቹ ይከፈታሉ? መልሱን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ተቀበሉ።