የአልኮሉ አተላ

ሸንኮራ አገዳ ተጨምቆ ስኳሩ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ወፍራም ጥቁር ፈሳሽ ሞላሰስ ይባላል። በውስጡ ገና ያልወጣ ስኳር ስላለ በእርሾ ይብላላል፤ የተብላላውም ተነጥሮ አልኮል ይሆናል። እናቶቻችን አረቄ ከሚያወጡበት ጥበብ የሚለየው በመጠኑና ውሃው ተሟጦ መውጣት ያለበት በመሆኑ ነው፤ ውሃ ያለበት አልኮል ከቤንዚን ጋር ተዋሕዶ አይቆይም።

ይህ በመጽሐፍ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። የፊንጫአ አልኮል እ.ኤ.አ. በ2008 ከአዲስ አበባ ቤንዚን ጋር 5 በመቶ እየሆነ መደባለቅ ጀመረ፤ በ2011 ድርሻው 10 በመቶ ደረሰ። ነዳጇን በውጭ ምንዛሪ ገዝታ በጂቡቲ ለምታስገባ አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ የአልኮል ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ያህል ስለሚያንስ 10 ሊትር አልኮል የሚተካው ወደ 7 ሊትር ቤንዚን ነው። ይህን ሳይቀንሱ የሚያሰሉ ሰዎች ይሳሳታሉ።

ከዚህ የባሰው ግን ከሂሳቡ ጭራሽ የሚዘነጋው ነው። አንድ ሊትር አልኮል በተነጠረ ቁጥር ከ10 እስከ 15 ሊትር የሚሆን አተላ ይቀራል። አተላው ትኩስ፣ ኮምጣጣና ጥቁር ቡናማ ነው፤ ሳይጣራ ወንዝ ከገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ዓሣውም ያልቃል። የመተሐራ ፋብሪካ ያለው በአዋሽ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ከወንዙ የሚጠጣ ሕዝብና ከብት አለ። አዲስ አበባ ያለው ባለመኪና በሚነዳው ነዳጅ ምክንያት መኪና የሌለው አርብቶ አደር ውሃው የሚበላሽበት ከሆነ፣ ቆሻሻውን ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ አዛወርነው እንጂ ወደ ነዳጅ ለወጥነው አይባልም።

መፍትሔው የራቀ አይደለም። አተላው ፖታሲየም ስላለው በልክ ቀጥኖ የአገዳውን ማሳ ያዳብራል፤ በተከደነ ገንዳ ቢብላላ ደግሞ የሚነድ ጋዝ ይወጣዋል። (የጠላ አተላዋን ለከብት የምትሰጥ ባልቴት ይህን ነገር ከኛ ቀድማ አስባበታለች።)

ስለዚህ መምህራኖቻችንን አንድ ነገር እንለምናለን። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲጸድቅ የአልኮሉን ምርት ስለማሳደግ የሚጽፍ ይኖራል፤ ስለ አተላው የሚጽፍም ይኑር። ቢያንስ አንድ የኬሚካል ምሕንድስናና አንድ የእርሻ ተማሪ ተጣምረው ይሥሩት። ውጤቱን በዚሁ ጋዜጣ እናወጣለን፤ ወረቀቱ ካልበቃን ገጽ እንጨምራለን።