ለቦሎ ተብሎ የሚገዛ መድን

ሚዛን ተፈሪ ወይም ቴፒ ላይ አንድ የአይሱዙ ባለቤት መድን የሚገዛበት ቀን ይታወቃል፤ ቦሎ የሚያወጣበት ሳምንት ነው። የሦስተኛ ወገን መድን ከሌለ ቦሎ የለም። ስለዚህ ርካሹ የት እንዳለ ጓደኛ ይጠየቃል፣ ገንዘቡ ይከፈላል፣ ተለጣፊው መስታወት ላይ ይለጠፋል። ውሉ ደግሞ ተጣጥፎ ኪስ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛ የሚገለጠው መኪናው የተገለበጠ ቀን ነው። ብዙ ሰው የመድን ውሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያነበውም ያን ቀን ነው።

በዚህ አካባቢ ሰው የሚመርጠው አረቦኑን እንጂ ካሳውን አይደለም። አረቦን ሲከፈል ሁሉም መድን ድርጅት ይመሳሰላል፤ ልዩነቱ የሚታየው ካሳ ሲጠየቅ ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ይህ ስህተት ቢያንስ በታክሲ ዋና መሥሪያ ቤት ድረስ ሄዶ በመጨቃጨቅ ይካካሳል። ከሚዛን አዲስ አበባ ግን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከጅማ ወዲህ በቦንጋ፣ በውሽውሽና በሺሺንዳ የሚያልፈው መንገድ ጠመዝማዛ ነው፤ ዝናቡና ጉሙም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይይዛል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ቡና የጫነ መኪና ቢወድቅ የሚያነሳው ክሬን ከየት ይመጣል? የማንሻና የመጎተቻ ወጪውን ውሉ እስከ ስንት ብር ይሸፍናል? ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ በስንተኛው ቀን ይደርሳል? ካሳውን እስከ ስንት ብር ድረስ የሚዛን ቅርንጫፍ ራሱ ይወስናል፣ ከስንት በላይስ ወደ ጅማ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይላካል? መድን ድርጅት የሚመረጠው በእነዚህ ጥያቄዎች መልስ መሆን ነበረበት። የሁለትና የሦስት ሺህ ብር የአረቦን ልዩነት የቆመ መኪና በአንድ ሳምንት የሚያሳጣውን አያክልም።

አማራጭ የለም እንዳይባል አማራጭ ሞልቷል። በ1967 ዓ.ም. ደርግ 13 መድን ሰጪዎችን ወረሰ፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ያለው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ብቻ ነበር። በ1986 ዓ.ም. ገበያው ለግል ባለሀብት ተከፈተ፤ ዛሬ ኒያላ፣ አዋሽ፣ ናይል፣ ኅብረት፣ አፍሪካ እያለ ቁጥሩ ከ15 በላይ ደርሷል። ስሙን ከቡና የወሰደ መድን ድርጅት ሳይቀር አለ። ሁሉም ግን የሚሻሙት በተሽከርካሪ መድን ላይ ሲሆን የሚሻሙትም ዋጋ በመስበር ነው። በርካሽ የሸጠ ድርጅት ኪሳራውን የሚያካክሰው ካሳ ላይ ጥርሱን በመንከስ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የሂሳብ ሊቅ መሆን አያስፈልግም።

ወደ ሦስተኛ ወገን እንመለስ። በ2000 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 559 ግዴታ የሆነው ይህ መድን በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 799 ተተካ። ያኔ የተቀመጠው የካሳ ጣሪያ ለአንድ ሰው ሞት 40,000 ብር፣ ለንብረት ጉዳት 100,000 ብር፣ ለአስቸኳይ ሕክምና 2,000 ብር ነበር። የዛሬው ጣሪያ ውሉ ላይ ስለሚጻፍ ከመፈረም በፊት ማንበብ ነው። ከጣሪያው የተረፈው ዕዳ በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት የሚጠየቀው ከመኪናው ባለቤት ነው፤ ሾፌሩ ቢያጠፋም ባለቤቱ «እኔ አልነዳሁም» ብሎ አያመልጥም። የራሱ መኪና ቢሰባበር ደግሞ ሦስተኛ ወገን አንድ ብር አያወጣለትም። ተለጣፊውን አይቶ «መኪናዬ መድን አለው» የሚለው ሰው መድን ያለው ለሌላው ሰው ነው።

ሙሉ መድን የገዛም ቢሆን ገና አልተገላገለም። በኮድ 2 የተመዘገበ የግል መኪና በገበያ ቀን ሰው በሒሳብ ከጫነ፣ የጭነት አይሱዙ ከቡናው ጆንያ ላይ ተሳፋሪ ከደረደረ፣ ሾፌሩ ለዚያ መኪና የማይፈቅድ መንጃ ፈቃድ ይዞ ከተገኘ፣ ድርጅቱ ካሳ ለመከልከል ሌላ ምክንያት መፈለግ አይኖርበትም። እነዚህ ሁሉ በአካባቢው የየዕለት ሥራ መሆናቸውን ሽያጩን የሚያከናውነው ወኪልም ያውቃል። ሲሸጥ ግን አይናገርም። የሚናገር ወኪል ከተገኘ ውሉ ትንሽ ቢወደድም ከእሱ መግዛት ይሻላል።

የቤት ነገር ከመኪናው ይብሳል። ቤቱን መድን የሚያስገባ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው የሚያስገባውም ባንክ ስላስገደደው ነው። ባንኩ ለብድሩ ዋስትና ቤቱን ይይዛል፣ የእሳት መድን ይጠይቃል፣ አንዳንዴም ድርጅቱን ራሱ ይጠቁማል። ተበዳሪው ፈርሞ ይወጣል። የተጻፈው የመድን መጠን የቤቱን መሥሪያ ዋጋ ነው ወይስ የብድሩን ቀሪ? ይህን የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሲቃጠል መጀመሪያ የሚከፈለው ባንኩ ነው፤ ባለቤቱ የሚደርሰው ትርፍ ካለ ነው።

እዚህ ላይ ሁሉም ማወቅ ያለበት ሒሳብ አለ። አንድ ቤት ዛሬ ለመሥራት 6 ሚሊዮን ብር ይፈልጋል እንበል፤ መድን የተገባለት ግን ከዓመታት በፊት በተገመተው 3 ሚሊዮን ነው። እሳት የቤቱን አንድ ክፍል አቃጥሎ የ2 ሚሊዮን ጉዳት አደረሰ። ባለቤቱ «ጉዳቱ ከ3 ሚሊዮን በታች ስለሆነ 2 ሚሊዮኑ ይከፈለኛል» ብሎ ይጠብቃል። የሚደርሰው 1 ሚሊዮን ነው። ቤቱ መድን የገባው በዋጋው ግማሽ ስለሆነ ግማሹን አደጋ የተሸከመው ራሱ ባለቤቱ ነው፤ ስለዚህ ማንኛውም ጉዳት በዚያው ልክ ይከፈላል። ለመኪናም ተመሳሳይ ሥሌት አለ። ሐምሌ 2016 የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብረቱ፣ ሲሚንቶው፣ መለዋወጫው የት እንደደረሰ ለማንም አይነገርም። በድሮ ዋጋ ውሉን እያደሰ የሚሄድ ሰው አረቦን ያተረፈ መስሎት የራሱን መድን ራሱ እየተሸከመ ነው። ውል ሲታደስ «እንደ አምናው» ማለት ውድ ቃል ሆኗል።

ሌላው «እሳት» የሚለው ቃል ነው። የእሳት መድን ጎርፍን፣ የመሬት መንሸራተትን፣ ማዕበልን በራሱ አይሸፍንም፤ ተጨማሪ ተከፍሎ የሚካተቱ ናቸው። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ውስጥ የተናደው ተራራ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ከሸካ እስከ ቤንች ሸኮ ተዳፋት ላይ የተሠራ ቤት ስንት ነው? የፖለቲካ ሁከትም እንዲሁ ለብቻው ይገዛል። ሰኔ 2012 ሻሸመኔና ሌሎች ከተሞች ሲቃጠሉ ብዙ ባለንብረቶች ይህን የተማሩት ከአመዱ ላይ ነው። በጥቅምት 2013 ጉራፈርዳ ላይ የሆነውን የሚያስታውስ የሚዛን ሰው ይህን አንቀጽ ዘሎ ሊያልፍ አይገባም።

የቡና አገር የራሱ ጣጣም አለ። በለቀማው ወቅት ሳሎኑ መጋዘን ይሆናል፤ ጀንፈል እስከ ጣሪያ ይደረደራል፣ በረንዳው ላይ ቤንዚን በጄሪካን የሚሸጥም አለ። ውሉ ላይ የተጻፈው ግን «መኖሪያ ቤት» ነው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ዛሬም ይሠራል፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ አልነካውም። ያ ሕግ መድን ገቢው አደጋውን የሚያከብድ ነገር ካለ እንዲናገር ያስገድዳል፤ አውቆ የደበቀ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ቡናውን መናገር አረቦን ይጨምራል፤ አለመናገር ቤቱንም ቡናውንም ያሳጣል። በዚያው ሕግ የካሳ ጥያቄ በ2 ዓመት በይርጋ ይታገዳል። «ነገ ና» የሚባል ሰው ይህን ቀን ቢቆጥር ጥሩ ነው፤ «ነገ ና» የሚለው ቢሮ ሳይቆጥረው አይቀርም።

ለመሆኑ ሕዝቡ መድንን የማያምነው ስለማያውቀው ነው? አይመስልም። ሚዛንም ቴፒም እድር የሌለበት ሠፈር የለም። እድር ላይ ሰው በየወሩ ሳያጉረመርም ይከፍላል፣ ምክንያቱም ለጎረቤቱ ድንኳኑ ያን ዕለቱን ሲተከልለት በዓይኑ አይቷል። እድር የተቃጠለ አይሱዙ አይተካም፤ አቅሙ አይደለም። መድን ድርጅቶች ግን ለማስታወቂያ ከሚያወጡት ገንዘብ ጥቂቱን ቀንሰው ባለፈው ዓመት እዚሁ ቅርንጫፍ ስንት ካሳ እንደተጠየቀ፣ ስንቱ በስንት ቀን እንደተከፈለ በራቸው ላይ ቢለጥፉ የእድሩን ያህል ይታመኑ ነበር። ይህን ለማድረግ ብሔራዊ ባንክ እስኪያስገድዳቸው መጠበቅ የለባቸውም።

እስከዚያው ጉልበቱ ያለው ተሰብስቦ መግዛት ላይ ነው። አንድ ባለ አይሱዙ ብቻውን ሲሄድ ያለውን ዋጋና ያለውን ውል ይቀበላል። የቡና አቅራቢዎች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየን ወይም የጭነት ማኅበር የአባላቱን ሃምሳ መኪና ይዞ ሲሄድ ግን የመጎተቻው ወጪ ከፍ ይበል፣ ገማቹ በሦስት ቀን ይድረስ፣ የሚዛን ጋራዥ ይታወቅልን ማለት ይችላል። የአረቦኑንም ቀን ቢሆን። የቤትና የሙሉ መድን ውል ብዙ ጊዜ የሚታደሰው ቡናው ገና ቅጠልና ፍሬ ሆኖ፣ እጅ ባዶ በሆነበት ክረምት ነው፤ ገበሬውም ነጋዴውም ያኔ ርካሹን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ውሉን ወደ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ማዞር ግን በአንድ ደብዳቤ የሚያልቅ ጉዳይ ነው።