ቆርቆሮ ወይስ ላፕቶፕ?

ሽቦና ቁልፍ ያለው ዕቃ ከልጅነቴ ጀምሮ ይማርከኛል። የአባቴን ሬዲዮ ድንጋይ ፀሐይ ላይ አስጥቼ ነፍስ የምዘራበት እኔ ነበርኩ። በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅም የመመረቂያ ጽሑፌን በፓወር ግዕዝ የተየብኩት ራሴ ነኝ።

የዘንድሮው ምርጫ ግን የፍቅር ብቻ አልሆነም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። የቤታችን ኮምፒውተር አሮጌ ስለሆነ ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። የምእመናኑ መዝገብና የባለቤቴ የዓመታት ስብከት ያለው ደግሞ እዚያው ላይ ነው። በእጃችን የነበረው ገንዘብ ከጓሮ ቡናችን ሽያጭ ለጣራ ቆርቆሮ ያጠራቀምነው ነው፤ የሚዛን ተፈሪን ዝናብ የሚያውቅ ይፍረደን።

ስለዚህ አዲሱን ትተን ደህና ስላሽ ፈለግን። ልጃችን ለጨዋታ የሚሆን፣ ኪቦርዱ የሚያበራ አምሮት ነበር (ልጅ ነዋ!)። እኔ የፈለግኩት የሚንቀሳቀስ አካል የሌለው፣ የቴፒን መንገድ መንገጫገጭ የሚችል ኤስኤስዲ፣ 8 ጊጋባይት ራም፣ ከሁሉም በላይ ባትሪ ነው። መብራት ሲጠፋ የሚያወጣን እሱ ነውና። ዊንዶውስ ባትሪው አዲስ ሳለ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን የሚያነጻጽር ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩን ይህን አሳየኝ በሉት። ካንገራገረ ሌላ ሱቅ አለ።

በመጨረሻ ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480 ወሰድን። በ8ኛው ትውልድ ፕሮሰሰሩ ዊንዶውስ 11ን ይቀበላል፤ ከሁለቱ ባትሪዎቹ የኋለኛው በእጅ ተነቅሎ ይለወጣል።

አንድ ሥራ ቀርቶናል። በቀድሞው የፓወር ግዕዝ ፊደል የተጻፉት ስብከቶች አዲሱ ላይ ዝብርቅርቅ ብለው ነው የሚከፈቱት። ወደ ዩኒኮድ ለውጠን እስክንጨርስ ድረስ አሮጌውን ከኢንተርኔት ነቅለን አኑረነዋል።