የጄት አባልነት፦ ዕቁብ ነው ወይስ ዕድር?

የግል ጄት ለመሳፈር ጄት መግዛት ቀርቷል፤ በዓመት እየከፈሉ አባል መሆን ይበቃል የሚል ማስታወቂያ ዛሬ በየስልኩ ይመጣል። አትላስ አካባቢ ቢሮ ከፍቶ ዱባይና ናይሮቢ ለሚመላለስ ነጋዴ ነገሩ ያማልላል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ቅርቡ ነው፤ ሰልፉ ይቀራል፣ ወጪውም ከሌሎች ጋር ይጋራል። ግን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ነውና፣ ሰው ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት የሚገዛውን ነገር ቢያውቅ ይሻለዋል።

በዚህ ስም የሚሸጡት ነገሮች ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው የአውሮፕላን ድርሻ ነው። ኔትጄትስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1986 ጀመረው፤ የዋረን ባፌት በርክሻየር ሃታዌይ ደግሞ በ1998 ኩባንያውን በ725 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። የተለመደው ትንሹ ድርሻ አንድ አሥራ ስድስተኛ ሲሆን በዓመት 50 የበረራ ሰዓት ይሰጣል። ሁለተኛው የሰዓት ካርድ ነው፤ ደንበኛው ለምሳሌ 25 ሰዓት ቀድሞ ይገዛል። ሦስተኛው ክለብ ነው፤ አባሉ ዓመታዊ መዋጮ ይከፍልና ለእያንዳንዱ ጉዞ እንደገና ይከፍላል። በርካሽ የሚቀርበው ይኸኛው ነው።

ስሌቱን ወደ አዲስ አበባ እናምጣው። ከቦሌ ዱባይ 4 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ደርሶ መልስ 8 ሰዓት ነው። 25 ሰዓት ማለት እንግዲህ ሦስት ጉዞ ነው። አውሮፕላኑ የሚያድረው ሌላ አገር ከሆነ ደግሞ ተሳፋሪውን ለመውሰድ ባዶውን ይመጣል፤ አድርሶትም ባዶውን ይመለሳል። ያ ባዶ በረራ ነዳጅ ይበላል፣ አብራሪም ይከፈልበታል። በግልጽ ባይጻፍም ዋጋው ውስጥ አለ።

ቦሌ ሌላም ጠባይ አለው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብሎ ስለተሠራ አየሩ ስስ ነው፤ ሞተርና ክንፍ ቆላ ላይ የሚሰጡትን ጉልበት እዚህ አይሰጡም። ትንሽ ጄት ከዚህ ሲነሳ ብዙ ጊዜ ወይ ሰው ወይ ነዳጅ መቀነስ አለበት፤ ነዳጅ ከቀነሰ መንገድ ላይ ወርዶ ይሞላል። በብሮሹሩ ላይ የተጻፈው የወንበር ብዛትና ርቀት በአብዛኛው ለቆላ ማኮብኮቢያ የተሰላ ነው።

ትልቁ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ክለብ የሚሠራው በአንድ ቀን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ብዙ ሀብታም ባለበት ነው። ኒው ዮርክና ፍሎሪዳ መካከል ይህ ሰው አለ። ሆኖም እዚያም ቢሆን ነገሩ አልተዋጣም። ጄትስማርተር የተባለው ክለብ ቃል የገባልንን ጥቅም ቀነሰብን ብለው አባላቱ ከሰሱት፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ቪስታ ለተባለ ኩባንያ ተሸጠ። ዊልስ አፕ ደግሞ በ2023 ሊወድቅ ሲል ዴልታ አየር መንገድና ሌሎች ባለሀብቶች በ500 ሚሊዮን ዶላር ደገፉት። ገበያው በሞላበት አገር እንዲህ ከሆነ፣ ከአዲስ አበባ የሚነሳ ክለብ ወንበሩን በማን ይሞላል?

ሻጮች ነገሩን ከዕቁብ ጋር ቢያመሳስሉት አይገርምም። ግን ዕቁብ ዳኛ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቀድሞ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራል። ከሁሉም በላይ ተራው ለሁሉም ይደርሳል። የጄት ክለብ አባል ገንዘቡን ቀድሞ ይሰጣል፤ ተራው ግን አውሮፕላን ከተገኘ ብቻ ነው። ዋስ መጥራት የሚገባው ክለቡ ሆኖ ሳለ ዋስ የለውም። ክፍያው በዶላር ከሆነ ጭንቁ ይብሳል፤ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ማለፉን የረሳ ነጋዴ የለም።

ስለዚህ ጥያቄዎቹ ግልጽ ናቸው። አውሮፕላኑ የማን ነው? መንገደኛ በክፍያ የሚጭንበት ፈቃድ ከየትኛው አገር የአቪዬሽን ባለሥልጣን ነው? ቀድሞ የተከፈለው ገንዘብ የሚቀመጠው በተለየ ሒሳብ ነው ወይስ ለኩባንያው ደሞዝ ይውላል? ኩባንያው ቢዘጋ ገንዘቡ ይመለሳል? በስንት ሰዓት ማስታወቂያ ይበረራል? መልሱ በውል ላይ ካልሰፈረ መልስ አይባልም። በዓመት ሦስትና አራት ጊዜ ለሚጓዝ ሰው ያለ አባልነት፣ ሲያስፈልግ ብቻ አውሮፕላን መከራየት ወይም በኢትዮጵያ አየር መንገድ በቢዝነስ ማዕረግ መብረር አብዛኛውን ጊዜ ያዋጣዋል።

ትንሽ አውሮፕላን በኢትዮጵያ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። እዚህ አገር ትንሽ አውሮፕላን ሲባል ብዙውን ጊዜ ጄት ሳይሆን ባለ ፕሮፔለሩ ሴስና ካራቫን ነው፤ ጄት የማይደፍረው የጠጠር ሜዳ ላይ ያርፋል። አቢሲኒያን የበረራ አገልግሎትን የመሰሉ የግል ድርጅቶች ሠራተኛና ጎብኚ ብቻ ሳይሆን በሽተኛም ያመላልሳሉ።

መጋራቱ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ናይሮቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1957 የተጀመረው የአምሬፍ በራሪ ሐኪሞች አገልግሎት ዓመታዊ አባልነት ይሸጣል፤ አባሉ ሩቅ ቦታ ሳለ ቢታመም ወይም አደጋ ቢደርስበት አውሮፕላን ሐኪም ይዞ ይመጣለታል። ይህ እንደ ዕድር ነው። ሁሉም ያዋጣል፣ ሁሉም ባይደርስብኝ ይላል፣ የሚጠቀሙትም ጥቂቶች ናቸው። የወንበር ክለብ ሁሉም በአንድ ሳምንት ልሂድ ሲል ይጨናነቃል፤ የሕመም መዋጮ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ስለማይታመም ይበቃል።

ቦሌ ላይ ገንዘብ ያላቸው ሰዎች ድርጅቶቻቸው በየክልሉ ሠራተኛ አሰማርተዋል። ሾፌሩ፣ መሐንዲሱ፣ የእርሻው ሠራተኛ ቢጎዳ ወደ ትልቅ ሆስፒታል የሚደርሰው ከስንት ሰዓት የመኪና መንገድ በኋላ ነው። ለጄት ክለብ ሊከፈል የታሰበው ገንዘብ ለእነዚህ ሰዎች የአየር አምቡላንስ መዋጮ ቢሆን፣ አባልነቱ በዱባይ መንገድ ከሚቆጥበው ሁለት ሰዓት የበለጠ ነገር ይገዛል።