ስለ ሦስተኛው ገመድ

በአዲስ አበባ ቤቶች የውሃ ማሞቂያ ቦይለር ተገጥሞ፣ ቀይዋ መብራት በርታ፣ ውሃውም ሞቆ በወረደ ጊዜ፣ አሠሪው ተደስቶ ዋጋውን ይከፍላል፤ ሥራውም በዚያው እንደ ተፈጸመ ይቈጠራል። ይህን ልማድ አጥብቄ እቃወማለሁ። የውሃው መሞቅ ኤሌክትሪክ ወደ ማሞቂያው መግባቱን ይመሰክራል እንጂ፣ ከዚያ ወጥቶ የሰው ገላ እንዳይነካ መከልከሉን አይመሰክርም።

ባለፈው ክረምት ታላቅ እኅቴ በአዲሱ ቦይለሯ ስትታጠብ፣ ቧንቧውን በነካች ቍጥር ይነዝራት ጀመር። የገጠመውን ሰው አስጠርታ ብትነግረው፣ በፍጹም ትሕትና «እትዬ፣ ላስቲክ ጫማ አድርገው ይግቡ» ሲል መለሰላት። ሽፋኑን አስከፍተን ብናይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ሦስተኛው ገመድ፣ ኧርዝ የሚባለው፣ ተቈርጦ በናስትሮ ተጠቅልሎ ተገኘ። ሰውየው ክፉ አልነበረም፤ ሙያውን ያስተማሩት ሰዎች «ኧርዝ ባይኖርም ይሠራል» ብለው ያወረሱትን ቃል በየዋህነት ይፈጽም ነበር።

የስሕተቱ ሥር ይኸው ቃል ነው። ሁለቱ ገመዶች ዕለት ዕለት ሲያገለግሉ ይታያሉ፤ ሦስተኛው ግን የማሞቂያው ሬዚስታንስ ተሰንጥቆ ኃይሉ ወደ ውሃውና ወደ ብረቱ አካል እስኪፈስ ድረስ፣ ምናልባትም ለብዙ ዓመታት፣ ሥራ ፈት መስሎ ይኖራል። በዚያች ቅጽበት ኃይሉን ከሰው አስቀድሞ ተቀብሎ ወደ ምድር የሚወስደው እርሱ ነው፤ በ30 ሚሊአምፔር ፍሳሽ የሚቈርጥ መከላከያ በተጨመረ ጊዜም፣ ማንም ሳይነዘር መስመሩ ይዘጋል።

ከመቍረጥ የከፋም አለ። ኧርዝ ባልተቀበረበት ቤት ገመዱን በሶኬቱ ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር አቈራኝተው የሚሄዱ አሉ፤ ኒውትራሉም ወደ ቈጣሪው በሚመለስበት መንገድ አንድ ቦታ የተበጠሰ እንደ ሆነ፣ 220 ቮልቱ በሬዚስታንሱ በኩል ዞሮ መላውን የብረት አካል ይይዛል፣ ብሬከሩም አይወርድም፣ ውሃውም መሞቁን ያቆማል፤ ያን ጊዜ የቤቱ ሰው «ምን ነካው?» ብሎ ሊመረምር እጁን ይዘረጋል።

ጠባቂውን ንቆ ማሠራት ሻወሩ ላይ በሚሰቀለው ፈጣን ማሞቂያም ይታያል። 5500 ዋት የሚጠጣው መሣሪያ 25 አምፔር ሲስብ፣ ለሶኬት በተዘረጋው ቀጭን ገመድ ላይ ያለው ባለ 16 ብሬከር ይወርዳል፤ ገመዱን በወፍራም መለወጥ ሲገባ ብሬከሩ በባለ 32 ይለወጣል፤ ገመዱም ጠባቂ አጥቶ በግድግዳው ውስጥ ይግላል።

ስለ ኧርዝ ከገጣሚዎች ጋር ስንከራከር፣ ቧንቧው ራሱ ኧርዝ ነው የሚሉኝ አሉ፤ የዛሬው ቧንቧ ግን አብዛኛው ፕላስቲክ ነው። አሠሪው ወጪውን አይወድም የሚለው ክስ ግን እውነት ስለሆነ፣ እኔና መሰሎቼ ከበደሉ ነጻ አይደለንም፤ ለሴራሚኩ ቀለም ሦስት ሱቅ ዞረን፣ ኧርዙን ከምድር ስለሚያገናኘው የመዳብ ዘንግ አንዲት ቃል አልጠየቅንም።

የእኅቴ ዘንግ አሁን ከግቢዋ አፈር ውስጥ ተቀብሯል፤ ገመዱም በየቦታው ተለክቶ ታስሯል። እርሷ ግን እስከ ዛሬ ላስቲክ ጫማዋን ሳታደርግ አትገባም።