የእቴጌይቱ ቀሚስ በውሰት ይምጣ?

ለንደን፣ ፔትሪ ሙዚየም ውስጥ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የግብፅ ልብስ አለ። ጨርቁ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «የተልባ እግር» እየተባለ የምናነበው ነው። አዎ፣ ያው በኛ ደጋ የሚዘራው ተልባ! እኛ ፍሬውን ቆልተን ወቅጠን በጠበጥነው፣ እነሱ አገዳውን ፈትለው ለበሱት። ለልብስ እኛ ጥጥ ነው የምናውቀው።

የኛም ጥጥ እዚያው ለንደን አለላችሁ። ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የእቴጌ ጥሩወርቅን ባለ ሐር ጥልፍ ቀሚስ ይዟል። ሚያዝያ 1860 መቅደላ ስትወድቅ የናፒየር ጦር ያገኘውን ዘርፎ፣ ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ቸበቸበው። የብሪቲሽ ሙዚየም ሰው ሪቻርድ ሆልምስም ከገዢዎቹ አንዱ ነበር። እቴጌይቱ በሳምንታት ውስጥ መንገድ ላይ አርፈው ጨለቆት ተቀበሩ። ቀሚሳቸው ለንደን ገባ።

በ2010 የሙዚየሙ ዳይሬክተር ትሪስትራም ሀንት «ለረጅም ጊዜ እናውሳችሁ» የሚል ሐሳብ አመጡ። ምክንያታቸው ሕግ ነው፤ የ1983ቱ (በፈረንጅ) የእንግሊዝ የቅርስ ሕግ ከስብስባቸው ዕቃ እንዳያወጡ ያስራቸዋል። በ2011 ግን ሌላ የለንደን ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል። ጸጉሩ የሰው አካል ስለሆነ ተመለሰ፣ ቀሚሱ «ዕቃ» ስለሆነ ቀረ ማለት ነው። የሟች ሴት ልብስ እኮ ነው! የራስን ንብረት ፈርሞ መዋስ ደግሞ ባለቤትነቱን ለነሱ ማጽደቅ ይመስለናል።

አሁን ደግሞ ለኛ ለደብረ ታቦር ልጆች የሚቆረቁረው። መቅደላ ከተገኘው ሀብት ብዙው የጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ንብረት ነበር። ቴዎድሮስ በ1859 ጎንደርን አቃጥለው ዘርፈዋል። ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ የተነሱት በቀጣዩ ዓመት ነው፣ ጋፋት የተሠራውን ሴባስቶፖልን እየጎተቱ። ብሪቲሽ ሙዚየም ያለው ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝም የሐር መጋረጃም የጎንደር ሥራ ነው። ነገ ቢመለስ አዲስ አበባ፣ ጎንደር ወይስ መቅደላ? ይሄን ሳንነጋገር «መልሱ» ብቻ ማለት ጭቅጭቁን ለነገ ማሳደር ነው።

ቀሚሱ ግን ይሄ ጣጣ የለበትም፣ ባለቤቷ ትታወቃለች። ስለዚህ ከሱ ይጀመር እንላለን፣ በውሰት ሳይሆን በመመለስ። እስከዚያው የቤት ሥራው የኛ ነው፤ የቆየ ጨርቅ ብርሃን ይበላዋል፣ እርጥበት ያሻግተዋል፣ ብል ይጨርሰዋል። ጠያቂው ክፍሉን ቀድሞ ያዘጋጅ።