«ሰልባጅ ሌንስ ነው» ለምትሉ

አዲስ ሌንስ ካልተገዛ የወፍ ፎቶ አይነሣም የሚል ወሬ ከከተማችን ፎቶ አንሺዎች አፍ አልጠፋ አለ። እኔ ገላን ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ። ከሰፈራችን ብዙ ሳይርቅ የአባ ሳሙኤል ውኃና ረግረግ አለ፤ በበጋ ከአውሮፓ ሳይቀር ብርድ የሸሹ ወፎች ይወርዱበታል። ወፎቹ በሌንስ እጦት ሳይነሡ ይቀራሉ መባሉን ግን አልቀበልም።

ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣው የሌንስ መግጠሚያ ዲጂታል ካሜራዎቹም ላይ ቀጥሏል። የዚያ ዘመን ቴሌፎቶ ዙም ዛሬም ይገጥማል፤ ያነሣል።

«ምስሉ ይለሰልሳል» ትሉኛላችሁ። አዎን፣ 300 ሚሊ ሜትር ጫፉ ላይ ይለሰልሳል፤ የእጅ መንቀጥቀጥ የሚገታ ማረጋጊያም የለውም። መላው ግን ቀላል ነው፦ የብርሃን መግቢያውን ከ5.6 ወደ 8 ማጥበብ፣ የሻተሩን ፍጥነት ከሴኮንድ 1/500ኛ በታች አለማውረድ። ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ለምንኖር ለእኛ የጠዋት ፀሐይ ለዚህ አይሰስትም። እኩለ ቀን ላይ ከመሬት የሚነሣው ሙቀት አየሩን ሲያርገበግበው ደግሞ ውዱም ርካሹም ሌንስ እኩል ይረታል። ስትገዙ መስተዋቱን በባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ ሻጋታ ካለበት ተዉት።

ሌላው ሰበብ ነው። አባ ሳሙኤል የአዲስ አበባን ቆሻሻ ከአቃቂ ወንዝ እየተቀበለ፣ እምቦጭም እየወረረው ዓመታት አልፈዋል። ስለ ውኃው የሚከራከር ሰው በእጁ ማስረጃ ያስፈልገዋል። ገንዘብ አጠራቅማችሁ አዲሱን ሌንስ የገዛችሁ ዕለት ወፉ ከሌለ ምን ልታነሡበት ነው?